ስም ሲወርድ አትነሱ

«ዛሬ ከእድር እንሰርዘዋለን። እናቱ ስትሞት ብቻውን ተሸክሞ ይቅበራት» ሲል የእህቴ ባል ፍሥሐ በግድግዳው ማዶ ሰማሁት። እሑድ ማለዳ ነው፤ ገና ወፍ መንጫጫቱ። የእኔን ክፍል ከእነሱ ቤት የሚለየው ጭቃው የረገፈ የእንጨት ግድግዳ ነው። እሱ ሲያዛጋ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስስል እነሱ ይሰማሉ፤ ግን እንደማይሰማ ሰው ሆነን ነው የምንኖረው። እህቴ የኔአለም ቀስ ብላ «እሳቸው ደግሞ ምን በደሉ?» አለች። ጫማውን ከአልጋው እግር ጋር ሲያራግፍ ብቻ ሰማሁ። ፍሥሐ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነው፤ ከግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያለችው ሹመት ይህችው ናት፤ ይዟታል።

የሚሰረዘው ታዲዮስ ነው፤ ፊልም ሠሪው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሞልቷል፤ ሰውን አስፈርቶ የሚያስቅ ግን እሱ ብቻ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ደብረ ወርቅ ወርዶ ከመቃብር አጠገብ ባለች ጎጆ ውስጥ ነው ያደገው። ከሙታን ጎን ሲያድር የኖረ ሰው አይፈራቸውም፣ ይታዘባቸዋል። የእሱ ሙታን ደም አይጠጡም፤ ቅሬታ አላቸው። አንዱ የተበደረው ምጣድ አልተመለሰም ብሎ ይነሳል፣ አንዷ ምራቴ ቀሚሴን ለበሰች ብላ ትነሳለች። ማስፈራቱንም ያውቅበታል። ሌላው ውሻ ያስጮሃል፤ ታዲዮስ ግን ሲጮህ የቆየውን ውሻ ድንገት ዝም ያሰኘዋል፤ ያኔ ነው ጀርባህ የሚቀዘቅዘው። ስለ ፊልም የሚያወሩ የተማሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥሁ የብረት በር በያጅ ነኝ። የታዲዮስን ፊልም እንደ እኔ ያየ ሰው ካለ ግን ይምጣና ይከራከረኝ።

መጀመሪያ ያየሁት «የገበያው ጅብ»ን ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። እኔና የኔአለም በእናት አንድ ነን፤ የእሷ አባት ገበሬ ነው። ይህንን ማለቴ ነገሩ በአገራችን ምን እንደሚያስከትል ለማያውቅ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ቡዳ» እያሉ እንጀራቸውን ከእኔ ዓይን ይሸሽጉ ነበር፤ የትምህርቴም መጨረሻ ይኸው ሆነ። በእህቴ ሰርግ ላይ የፍሥሐ ዘመዶች ለሁሉም በብርሌ ሲቀዱ ለእኔ በጣሳ ቀዱልኝ። ፍሥሐ አይቷል፤ ዝም አለ። እንግዲህ በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ነጋዴ አንዲትን ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ጅብ ትሆናለች ብሎ ገበያውን ያስነሳባታል። ሌሊት እውነትም ጅብ ይመጣል። ሰው ሁሉ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲያይ ጅቡ የነጋዴውን መነጽር አድርጓል፤ እያነከሰ ይመጣና የራሱን ሱቅ ቁልፍ ከአንገቱ ፈትቶ ይከፍታል። የቪዲዮ ቤቱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያች «ቡዳ» በምትባል ቃል ስስቅ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ስወጣ ዓይኔ እንባ ነበረው፤ ጭስ ነው አልሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን ያጣላው ፊልም «ተዝካሬ ላይ ጨው አነሰ» ይባላል። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ፣ ጤፍ ኩንታሉ ሺህ ብር ተሻግሮ ሰው ሁሉ አመዱ በወጣበት ጊዜ። ታዲዮስ የለቅሶ ትዕይንት አስፈለገው። የእድሩን ድንኳን እንደ ሰርገኛ ተከራይቶ ተከለ፤ የሬሳ ሳጥን አስቀመጠ፤ የእድራችንን ጥሩንባ ነፊ ጌቱን «ከካሜራው ፊት ቆመህ አንዴ ብቻ ንፋ» አለው። ጌቱ ካሜራ ሲያይ ሌላ ሰው ነው። ደረቱን ገልብጦ፣ እንደ ልማዱ ሰፈሩን እየዞረ ነፋው፤ አረፉ ብሎ የጠራውም የፊልሙን ሟች ስም ነው። ያንን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ጉዱን ያመጣው ይኸው አለመታወቁ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ሲሞት እያንዳንዱ እንደ ቅርበቱ ይመጣል፤ ማንም የማያውቀው እንግዳ ሞተ ሲባል ግን ሰው የሌለው ሬሳ አልቃሽ እንዳያጣ ተብሎ አገር ይነቀላል። የቅዳሜ ገበያ ነበር። ሰው እህሉን ለጎረቤት አደራ እያለ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። ታዲዮስ «ፊልም ነው፣ ፊልም ነው» እያለ ቢዞርም ማን ሰምቶት፤ ሐዘንተኛ መስሏቸው እያቀፉ ያጽናኑት ጀመር። በመጨረሻ ተወውና ወደ ካሜራው ተመለሰ።

ሟች ሆኖ የተኛው ልብስ ሰፊው ይስማው ነው። ሳጥኑ ተከድኖበታል፤ ውጭ የሆነውን አያውቅም። የታዘዘው አንድ ነገር ነው፦ ለቅሶው ሲሞቅ ተነስ። ለቅሶው ሞቀ። ከአማኑኤል ከተማ መጥተው ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩት እትዬ ሥራነሽ ደረታቸውን እየመቱ «ሰው የለህ መሰለህ ወይ፣ እኔ አለሁልህ» እያሉ ያወርዱት ጀመር። ይስማው ክዳኑን ገፍቶ፣ ፊቱ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ብድግ አለና «ጨው አንሷል» አለ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እኔም በደንብ አላየሁም፤ አጥር ዘልዬ ነበር። ያየሁት ፍሥሐን ነው። የእድሩ ዳኛ ከሁሉ ቀድሞ፣ ጋቢው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ አንድ እግር ጫማ ጥሎ ሲሮጥ።

ታዲዮስ በማግስቱ ሽማግሌ ይዞ በየቤቱ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅር አሉት። ፊልሙ ፋሲካ ላይ ሲወጣ ግን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ የፍሥሐን ሩጫ ተማረው። በደጃችን ሲያልፉ አንድ ጫማ አውልቀው እየሮጡ ያልፋሉ። ፍሥሐ ወጥቶ አይቆጣም፤ ውስጥ ሆኖ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ይኸው ሲብላላ ከርሞ ዛሬ ላይ ደረሰ።

ፊቴን ታጥቤ ወደ ታዲዮስ ቤት ሄድሁ። አንድ ክፍል ናት፤ ኪራይዋ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ ጨምሯል። በአንድ በኩል የእናቱ አልጋ፣ በሌላው ጠረጴዛ ላይ ነጠላ የለበሰ ካሜራ፤ መሐላቸው ሰው ተጠማዝዞ ነው የሚያልፍ። እናቱ እማማ ወለተ ሥላሴ ከጾሙ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ታዲዮስ ካልሲ እያጠፈ ሻንጣ ውስጥ ይከታል፤ ባሕር ዳር እገባለሁ፣ እዚያ የእድር ዳኛ የማይሮጥበት ፊልም እሠራለሁ አለኝ፤ ሊያስቀኝ ነው፤ አልሳቅሁም። የዛሬው የእድር ስብሰባ ላይ ተናገር ስለው፣ ይቅርታ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም አለ። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ነበሩ። ተኝተዋል ብዬ ሳስብ፣

«የስንቱን ለቅሶ ወጥ ሠርቻለሁ» አሉ። «ድስቱን ያጠብሁት እኔ፣ ንፍሮውን የቀቀልሁት እኔ። የእኔ ለት ማን ሊመጣ ነው?»

ታዲዮስ ካልሲውን ይዞ ቆመ። እሳቸው የሚፈሩት ሞትን አይደለም፤ ልጃቸው ሬሳቸውን ይዞ በየበሩ ሲለምን ማሰብ ነው። ያኔ ነው ሲዲውን ስጠኝ ያልሁት። ለእድርተኞቹ ላሳያቸው እንደሆነ ገባውና ራሱን ነቀነቀ፤ አያ ፍሥሐ ሩጫቸውን በዓይናቸው ካዩ ይብሳል አለ። መጨረሻውን ግን አላዩም አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«መጨረሻውን ከአንተ በቀር ያየው የለም።»

እውነት ነው። በፊልሙ መጨረሻ የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር ሰው ሁሉ ይነሳል። የቪዲዮ ቤቷ ባለቤት ሔዋንም ብር ከፍሎ በር ላይ የቆመ ሰልፈኛ ስላለባት ቶሎ ታጠፋዋለች። እኔ ግን «ተይው እባክሽ» እያልሁ እስከ ጨለማው ድረስ እቀመጣለሁ። ታዲዮስ በየፊልሙ ስም ከወረደ በኋላ አንዲት ነገር ያስቀምጣል፤ ደብተራ ክታቡን በቆዳ እንደሚሰፋው። በዚህኛው ያስቀመጣት ነገር ደግሞ ስለ ፍሥሐ ናት፤ ቁርጡን ልናገርና ያችን ክፍል አልወዳትም ነበር። በጣሳ ሲቀዳልኝ ዝም ያለ ሰው ሲከበር ለማየት ብሎ ቪዲዮ ቤት የሚገባ ማን ነው? አሁንም ሲዲውን በኪሴ ይዤ ስወጣ ልመልሰው ዳድቶኝ ነበር። እማማን አሰብሁና ቀጠልሁ።

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ቤት ነው፤ ጥግ ላይ የተከመሩ ብረት ድስቶች፣ የተጠቀለለ ድንኳን፣ የአይጥ ሽታ። ፍሥሐ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ጸሐፊው ከጎኑ። ክሱ ተነበበ፤ ሐዘንን መቀለጃ ማድረግ፣ የእድርን ጥሩንባ ማዋረድ። አንዱ ተነስቶ ታላላቆች ተደፈሩ አለ፣ አንዱ የዛሬ ልጆች አለ፣ ሦስተኛው የጨውን ነገር አነሳና ሳቁን ለማፈን አሳለ። ታዲዮስ በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ በእድሩ ስብሰባ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። እጄን ሳወጣ ጸሐፊው ያላየ መሰለ፤ ደግሜ አወጣሁ። ከኋላ አንድ ድምፅ «አንተ ደግሞ ብረትህን ቀጥቅጥ» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ፍሥሐ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ፤ ያንን አንገት ከሰርጉ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። ግን አንዴ ቆሜያለሁ።

«ፊልሙን ያየ እጁን ያውጣ» አልሁ።

አንድም እጅ አልወጣም። የቤተሰብ አባት የሆነ ሰው ቪዲዮ ቤት አይገባም፤ ነውር ነው። ሁሉም የፈረዱት ከጎረምሳ አፍ በሰሙት ነው። ያላየውን ነገር ማንበብ የማይሰለቸው ጸሐፊ ብቻ ነው ያላችሁ አልሁ፤ ይህንን ባልል ይሻል ነበር፤ ጉርምርምታ ተነሳ። ያዳኑኝ እትዬ ሥራነሽ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ እሳቸው ሲነሱ ሌላው ይቀመጣል።

«ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ደንግጬ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ያለቀስሁለትን ሰው ልየውና ልፍረድ እንጂ፤ ምን ሆናችሁ እናንተ?»

የሔዋን ቪዲዮ ቤት ከእድሩ ቤት መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ሽማግሌ ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ እንደ ሌባ ገባ። ሔዋን የዕለቱን ተመልካች አስወጥታ መስኮቱን በጆንያ ከደነች፤ ሻይ የምታቀርብበትን ጠረጴዛም ለእትዬ ሥራነሽ መቀመጫ አደረገችው። ገንዘብ አልተቀበለችም፤ እንዲህ ያለ ታዳሚ ቤቴ ገብቶ አያውቅም፣ ወንበሬም አይችለው አለች። ፍሥሐ ከፊት፣ ልክ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። ሊያይ ሳይሆን ሊመረመር የመጣ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ሁሉም ጋቢውን እንደተከናነበ ነው። ከዚያ ውሻው ዝም ሲል አንዱ ሽማግሌ «በስመ አብ» አለ፤ ከዚያ ሟቹ የራሱን የለቅሶ ወጥ በጣቱ ሲቀምስ ያው ሽማግሌ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ጎን ተሻገረ። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ ፊታቸውን ነው የማየው። ታዲዮስ ያስፈራ ጊዜ ተያያዙ፣ ያሳቀ ጊዜ ተለቃቀቁ። ተጣልተው የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በሌላው ጉልበት ላይ እጁን ጭኖ እንደረሳው አየሁ። ለቅሶው መጣ። እትዬ ሥራነሽ ራሳቸውን አይተው አንገታቸውን አሰገጉ፤ «ደህና ነው ያለቀስሁ» አሉ በቀስታ፤ ማንም አልሳቀም፤ ደህና ነበር ያለቀሱ። ሳጥኑ ተከፈተ። ጨው አንሷል። ፍሥሐ ሮጠ።

በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የታፈነ ሳቅ እንደ ድስት ክዳን ተንቀጫቀጨ። ፍሥሐ አልዞረም። ከኋላው ማጅራቱ ሲቀላ ይታየኛል። የቀረው ታሪክ አለቀና ስም መውረድ ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው። «አይታችኋል፤ ወደ ውሳኔው» አለና ወደ በሩ መጣ። ሰውም ተከትሎት ተነሳ። በሩ ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ። ከመንገዱ ዘወር ብል ታዲዮስ ይሰረዛል፤ የእህቴም ባል ሩጫውን ይዞ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። እግዜር ይይልኝ፣ ለአንዲት አፍታ ዘወር ልል ነበር።

«አላለቀም፣ አያ ፍሥሐ» አልሁት። «ስም ሲወርድ አትነሱ። ይቀመጡ።»

እርስዎ ብዬው አላውቅም ነበር። ይመስለኛል ግራ ገብቶት ነው የተቀመጠ።

ስሙ አለቀ፤ ጨለማ ሆነ፤ ከዚያ ባዶው ድንኳን መጣ። የተገለበጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ የወደቁ ነጠላዎች፣ ገና ያልተቀመጠ አቧራ። ይስማው ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ እንዳለ ነው፤ የሆነው አልገባውም። እትዬ ሥራነሽ መሬት ላይ ወድቀዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን ያጠፋ ነበር። ታዲዮስ ግን መሣሪያውን ተክሎት እሳቸውን ለማንሳት ሊሄድ ሲል ነው ከአጥሩ ጥግ አንድ ራስ ብቅ ያለ። ፍሥሐ ነው። ገብቶ ጠፋ፤ ደግሞ ብቅ አለ። አማተበ። ከዚያ በአንድ እግር ጫማ፣ ሳጥኑን ከሩቅ እየዞረ መጣ። ሟቹን ዓይን ለዓይን ሲያየው ሊመለስ ዞረ፤ አልተመለሰም። ጎንበስ ብሎ አሮጊቷን በጀርባው አዘለ። ሲያልፍ ለሬሳው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ እሳቸውን አድርሼ እመለሳለሁ» አለ።

ቤቱ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ሳቅ በሰፈራችን ሰምቼ አላውቅም፤ ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል። እትዬ ሥራነሽ ግን አልሳቁም። በትራቸውን ዘርግተው የፍሥሐን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉት። «ራሴን ስቼ ነቃ ስል ልጄ ደጃፍ ነበርሁ። መልአክ ነው ብዬ ለሚካኤል ጥላ አስገብቻለሁ።»

ፍሥሐ መለሰ፤ ግን ምን እንዳለ አልተሰማም። ለምን ለማንም እንዳልነገረ ያኔ ገባኝ። መመለሱን ለመናገር መሮጡን መናገር ነበረበት፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዋጣቸው። ጎረምሳ የሚያስቀውን ግማሽ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ግማሽ እሱ ሆድ ውስጥ ቀረ። ሰው ያላወቀውን ካሜራው ግን ያውቀው ነበር። ታዲዮስን የምወደው ለዚህ ነው፤ አስቆብህ አይሄድም፣ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ወደ እድሩ ቤት አልተመለስንም። ጸሐፊው እዚያው መንገድ ዳር ምን ብዬ ልጻፍ አለ። ፍሥሐ አሰበ። «ጥሩንባ ለፊልም አይነፋም ብለህ ጻፍ» አለ። «ሌላ የለም።» ጌቱ ከኋላ ቅር ብሎት አጉረመረመ። ሰው ጋቢውን ከአፍንጫው አውርዶ፣ ትዕይንቱን እየተቀባበለ ተበተነ።

እኔ ወደ እማማ ወለተ ሥላሴ ቤት አቀናሁ። ፍሥሐ ሳልጠራው ከጎኔ መራመድ ጀመረ፤ ታዲዮስ ከኋላችን። ወደ አብማ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ብዙ ሄድን።

«ይህንን ከፋሲካ ጀምሮ ታውቅ ነበር?» አለኝ ፍሥሐ።

«አውቅ ነበር።»

«ልጆቹ በደጄ ሲሮጡ?»

«አልጠየቅኸኝም» አልሁት። እርስዎው እዚያው ቪዲዮ ቤት ቀርቷል። ራሱን ነቀነቀ፤ ይገባኛል እንደማለት። ጥቂት ሄደና፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እኔም ያልጠየቅሁህ ብዙ አለ» አለ።

እማማ ፊታቸው አሁንም ወደ ግድግዳው ነው። ታዲዮስ በሻንጣውና በአልጋው መሐል ተጠማዝዞ ገባ። ፍሥሐ ከራስጌያቸው ጎንበስ አለና ራሱ ነገራቸው፦ እማማ፣ ስማችሁ ከእድሩ አልወጣም፤ የእርስዎም የልጅዎም። ቀስ ብለው ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩት፤ ዳኛ መሆኑን ሳይሆን ሰው መሆኑን የሚያጣሩ ይመስሉ ነበር።

«እንግዲያ እንደ ልቤ መሞት እችላለሁ ማለት ነው» አሉ።

«ይችላሉ፣ እማማ» አለ ፍሥሐ። «በፈለጉት ቀን።»

እማማ አሰቡበት። ጣሪያውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከአልጋው ሥር የተከፈተውን ሻንጣ አዩ።

«ዛሬስ አይመቸኝም» አሉ። «እስቲ ያንን ካልሲ ከዚያ አውጣና የሚበላ ነገር ስጠኝ።»